«ማን ለኮሰው?» ከማለት በፊት፦ የቃጠሎ ክስ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የተሰጠ ገለጻ፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አመሻችሁ።

በነፍስ ግድያ ክስ ብዙውን ጊዜ ሬሳ አለ፣ በስርቆት ክስም የጠፋ ዕቃ አለ። ክርክሩ «ማን አደረገው?» የሚለው ላይ ነው። በቃጠሎ ክስ ግን ገና ከመነሻው ወንጀል መፈጸሙ ራሱ ያከራክራል። ፍርድ ቤት የሚቀርበው አመድና ከሰል ነው፤ በተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ የተነሳም ይሁን ሰው ቤንዚን ደፍቶበት የተነሳ እሳት፣ ጣሪያው ከወረደ በኋላ የሚተወው ምልክት ሊመሳሰል ይችላል። ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ ሦስት ነገሮችን ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ማስረዳት አለበት፤ እሳቱ በሰው እጅ ሆን ተብሎ መነሳቱን፣ ያስነሳው ይህ ተከሳሽ መሆኑን፣ ሲያስነሳውም ሕጉ የሚጠይቀው ክፉ ሐሳብ እንደነበረው። ዛሬ የምናተኩረው በመጀመሪያው ላይ ነው። ንጹሐን ሰዎች የታሰሩት፣ አንዳንዶቹም ሞት የተፈረደባቸው፣ በአብዛኛው እዚያ ላይ በተሠራ ስህተት ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ግን ሕጉ ምን ይላል?

በድሮው የእንግሊዝ ልማዳዊ ሕግ ወንጀሉ ጠባብ ነበር፤ የሌላ ሰው መኖሪያ ቤት በክፋት ማቃጠል። ግድግዳው በጭስ መጥቆሩ አይበቃም፣ እንጨቱ ጥቂትም ቢሆን መክሰል ነበረበት። የዛሬዎቹ ሕጎች ይህንን አጥር አስፍተውታል። ሱቅ፣ መጋዘን፣ ሆቴል፣ ደንና ተሽከርካሪ ገብተዋል፤ እንደየግዛቱ የራስን ንብረት ማቃጠልም እንዲሁ። ሳይለወጥ የቆየው የሐሳብ ጉዳይ ነው። ረስቶ ምድጃ ሳያጠፋ የወጣ ሰው ቸልተኛ ነው። በገንዘብ ሊጠየቅ ይችላል፣ ሰው ከሞተም ሌላ ዓይነት ክስ ሊመጣበት ይችላል፤ ቸልተኝነት ብቻውን ግን የቃጠሎ ወንጀል አያቋቁምም። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዲሲ ፍርድ ቤቶች «ክፋት» ማለት «ይቃጠል» ብሎ መፈለግ ብቻ አይደለም፤ ጉዳት የመድረሱን ግልጽና ጠንካራ ዕድል እያወቁ «የራሱ ጉዳይ» ብሎ ማድረግንም ይጨምራል። ተጣልቶ የሰው ልብስ ደጃፍ ላይ ከምሮ የለኮሰ ሰው «ልብሱን እንጂ ቤቱን አላሰብኩም» ማለቱ አያድነውም።

ወንዝ ተሻግሮ መኖር ምን ያህል ልዩነት እንደሚያመጣ ለማየት የሦስቱን ጎረቤቶች ቅጣት አስተያዩ። በዲሲ የቃጠሎ ወንጀል ከ1 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል። በሜሪላንድ መኖሪያ ቤት ወይም ሰው ያለበት ሕንፃ ካቃጠሉ አንደኛ ደረጃ ይባላል፤ እስከ 30 ዓመት እስራትና እስከ 50,000 ዶላር መቀጮ አለው፣ የቤቱ ባለቤት ራስዎ መሆንዎም ለውጥ አያመጣም። ሰው የሌለበት ሌላ ሕንፃ ሁለተኛ ደረጃ ሆኖ እስከ 20 ዓመት ነው። በቨርጂኒያ ሰው የሚኖርበትን ቤት ማቃጠል ከ5 ዓመት ጀምሮ እስከ ዕድሜ ልክ ይሄዳል፤ ቨርጂኒያ ደግሞ ከ1995 ወዲህ ለተፈጸሙ ወንጀሎች የአመክሮ መፈታትን አስቀርታለች። በእሳቱ ሰው ከሞተ በሦስቱም ዘንድ ጉዳዩ ወደ አንደኛ ደረጃ ግድያ ሊያድግ ይችላል፤ ለመግደል ማሰብን ማስረዳት አያስፈልግም፣ ቃጠሎው ሆን ተብሎ መነሳቱን ማስረዳት ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የፌዴራል ሕግ አለ። በግዛቶች መካከል ለሚካሄድ ንግድ የሚያገለግል ሕንፃን በእሳት ማውደም ቢያንስ 5፣ ቢበዛ 20 ዓመት ያስቀጣል። ሰው ከተጎዳ ከ7 እስከ 40 ይደርሳል፣ ሰው ከሞተ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ሊሆን ይችላል። «ሰው» ሲል እሳቱን ሊያጠፋ የመጣውን የእሳት አደጋ ሠራተኛም ይጨምራል፤ ሕጉ በግልጽ ጽፎታል። ባዶ ምግብ ቤት የለኮሰ ሰው፣ አንድ ሠራተኛ ደረጃ ላይ ወድቆ እግሩ ቢሰበር፣ ዝቅተኛ ቅጣቱ ከ5 ወደ 7 ይወጣል። ክሱ በ10 ዓመት ውስጥ ሊመሠረት ይችላል። እሳቱ ሌላ የፌዴራል ወንጀል ለመፈጸም ከዋለ፣ ለምሳሌ የኢንሹራንስ ገንዘብ በፖስታ ለማጭበርበር፣ ዐቃቤ ሕጎች ሌላ አንቀጽ ያክሉበታል፤ ያ አንቀጽ 10 ዓመት አለው፣ ከሌላው ቅጣት ጋር አብሮ ሳይሆን ከሱ በኋላ ተከታትሎ ይታሰራል።

የትኛው ቤት ነው «ለንግድ የሚያገለግል»? በ1985 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለሁለት ተከራይ የተከፈለ ሕንፃን ሊያቃጥል የሞከረን ባለቤት ጉዳይ አይቶ፣ የሚከራይ ቤት በፌዴራል ሕጉ ውስጥ ይገባል አለ። በ2000 ደግሞ በኢንዲያና ግዛት በፎርት ዌይን ከተማ ቤንዚን የተሞላ ጠርሙስ ስለተወረወረበት ባለቤቱ የሚኖርበት ቤት ሲወስን፣ ቤቱ ሞርጌጅ፣ ኢንሹራንስና የጋዝ መስመር ቢኖረውም ለንግድ አያገለግልም፣ የፌዴራል ክስ አይሆንም አለ። ብዙ ሰው ቤዝመንቱን ስለሚያከራይ ጥያቄው ለእኛ ተራ አይደለም። የተከራየ ክፍል ካለ ዐቃቤ ሕግ የ1985ቱን ውሳኔ ይዞ ሊመጣ እንደሚችል ጠብቁ።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። እሳቱ «ተለኩሷል» የሚባለው በምን ማስረጃ ነው?

ለብዙ አሥርት ዓመታት የእሳት መርማሪዎች ሙያውን የሚማሩት ከቀደሙ መርማሪዎች በአፍ ነበር። ወለል ላይ ኩሬ የሚመስል ጥቁር ቅርጽ ካየህ ፈሳሽ ነዳጅ ፈስሷል። መስኮቱ እንደ ሸረሪት ድር ከተሰነጣጠቀ እሳቱ ባልተለመደ ፍጥነት ሞቋል። ሲሚንቶ ከተላጠ ቤንዚን አለበት። አልሙኒየም ከቀለጠ ተራ የእንጨት እሳት አይደለም፣ ነዳጅ ነው። እነዚህ ሁሉ በመሐላ ተነግረዋል፣ ሰውም ታስሮባቸዋል፤ በሙከራ ሲፈተኑ ግን አልቆሙም። መስኮት በዚያ መልክ የሚሰነጣጠቀው የጋለ መስታወት ላይ የማጥፊያ ውኃ ሲያርፍበት ነው። ሲሚንቶ የሚላጠው በውስጡ ያለው እርጥበት ሲተንና ሙቀቱ እኩል ሳይሆን ሲቀር ነው። አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ሙሉ በሙሉ የተቀጣጠለ ተራ ሳሎን ደግሞ ከዚያ በላይ ይሞቃል። የቤንዚን ነበልባል ከእንጨት ነበልባል ይበልጥ ትኩስ ነው የሚለውም ስህተት ነው። ቤንዚን እሳቱን ቶሎ ያስፋፋዋል እንጂ ነበልባሉን ከእንጨቱ ይልቅ አያሞቀውም።

የስህተቱ ሁሉ ሥር «ፍላሽኦቨር» የሚባለውን ክስተት አለማወቅ ነው። አንድ ሶፋ ተቀጣጠለ እንበል። ትኩስ ጭሱ ወደ ጣሪያ ወጥቶ ይከማቻል፣ ንብርብሩም እየወፈረ ወደ ታች ይወርዳል። የላይኛው ንብርብር ከ500 እስከ 600 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሙቀቱን ወደ ወለሉ ይረጫል፤ ምንጣፉ፣ የጠረጴዛው እግር፣ ወለል ላይ የወደቀው ጋዜጣ፣ እሳት ሳይነካቸው ባንድ ጊዜ ይነዳሉ። ከዚያች ቅጽበት በፊት «ክፍሉ ውስጥ እሳት አለ» እንላለን፤ ከዚያ በኋላ ክፍሉ ራሱ እሳት ነው። በአረፋና በሰው ሠራሽ ጨርቅ የተሠራ የዛሬ ሳሎን ዕቃ ይህን ደረጃ ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሊደርስበት ይችላል። ከዚያ ወዲያ አየር በሚገባበት በኩል፣ በበርና በመስኮት ሥር፣ ወለሉ ክፉኛ ይከስላል። የድሮው መርማሪ ያን ከሰል አይቶ «እዚህ ነዳጅ ፈስሷል» ይል ነበር።

ይህንን በተግባር ያሳየው በ1991 በፍሎሪዳ፣ ጃክሰንቪል ከተማ የተደረገው ሙከራ ነው። ላይም ስትሪት የሚባል መንገድ ላይ በደረሰ ቃጠሎ ስድስት ሰዎች ሞተው ነበር፤ የቤቱ አባወራ ተከሰሰ። የዐቃቤ ሕግ ባለሙያዎች የክሱን ሐሳብ ለማረጋገጥ አጠገቡ ያለውን ተመሳሳይ ቤት በተመሳሳይ ዕቃ ሞልተው፣ ያለ ምንም ነዳጅ ሶፋው ላይ ለኮሱት። አራት ደቂቃ ተኩል ገደማ ሲሆን ክፍሉ ፍላሽኦቨር ደረሰ፤ ወለሉ ላይም «የነዳጅ ቅርጽ» የተባለው ምልክት ተገኘ። ክሱም ተቋረጠ። ልብ በሉ፣ ሙከራውን ያደረጉት የመንግሥት ባለሙያዎች ናቸው፤ ውጤቱ የጠበቁት ባይሆንም ተቀበሉት።

በ1992 የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር የእሳት ምርመራ መመሪያውን አወጣ፤ በቁጥሩ «921» ይባላል። መመሪያው መርማሪው ግምቱን እንደ ማንኛውም ሳይንሳዊ ግምት እንዲፈትን፣ ሊያፈርሰው የሚችለውን ማስረጃም እንዲፈልግ ያዛል። ምክንያቱ ካልተገኘ «አልታወቀም» ብሎ መጻፍ ተገቢ መልስ ነው። ብዙ ሰው ይህን የመርማሪ ስንፍና አድርጎ ያየዋል፤ እኔ የሐቀኝነት ምልክት አድርጌ ነው የማየው። በ2011 እትሙም «ሌላ መነሻ ስላላገኘሁ ሰው ለኩሶታል» የሚለውን አካሄድ ከሳይንስ ውጭ ነው ብሎ ውድቅ አደረገ።

ሆኖም ልምድ ብቻውን እስከ የት እንደሚያደርስ የሚያሳይ አንድ ቁጥር ልስጣችሁ። በ2005 በላስ ቬጋስ በተካሄደ ሥልጠና ሁለት ክፍሎች ተቃጥለው፣ ፍላሽኦቨር ከደረሱ በኋላ ለሁለት ደቂቃ ያህል ከነደዱ በኋላ ጠፉ። 53 መርማሪዎች እሳቱ ከክፍሉ አራት ማዕዘናት በየትኛው እንደተነሳ ተጠየቁ። በመጀመሪያው ክፍል ትክክል የመለሱት ሦስት ብቻ ነበሩ፣ በሁለተኛውም ሦስት። ዓይን ጨፍኖ የሚገምት ሰው ከአራት አንዱን ያገኛል።

ዋጋውን የከፈሉት ሰዎች አሉ። በቴክሳስ፣ ኮርሲካና ከተማ በታኅሣሥ 23 ቀን 1991 በተነሳ እሳት ሦስት ሕፃናት ልጆች ሞቱ፤ አባታቸው ካሜሮን ቶድ ዊሊንግሃም በ1992 ሞት ተፈረደበት። መርማሪዎቹ የወለሉን ጥቁር ቅርጽና የተሰነጣጠቀውን መስታወት አነበቡ፤ የነዳጅ ፈለግ በላብራቶሪ የተገኘው ከፊት በሩ አጠገብ ባለ አንድ ናሙና ብቻ ሲሆን፣ በረንዳው ላይ ደግሞ የከሰል መጥበሻና የማቀጣጠያ ፈሳሽ ነበር። አባትየው እሳቱ እየነደደ መኪናውን ገፍቶ ማራቁም ተቆጠረበት። የእሳት ሳይንቲስት ዶክተር ጄራልድ ኸርስት የክሱ ማስረጃ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው የጻፉት ሪፖርት ከቅጣቱ ቀን በፊት ለገዥው ቢደርስም ፍርዱ አልታገደም፤ በየካቲት 17 ቀን 2004 ተገደለ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ግዛት፣ በጣም ተቀራራቢ በሆነ ማስረጃ ሞት ተፈርዶበት የነበረው ኧርነስት ሬይ ዊሊስ በነፃ ተለቀቀ። ቴክሳስ በ2013 የተሳሳተ ሳይንስ ላይ የቆመ ፍርድን እንደገና ለመመርመር የሚፈቅድ ሕግ አወጣች።

ለስደተኛ ይበልጥ የሚቀርበው የሃን ታክ ሊ ጉዳይ ነው። ከደቡብ ኮሪያ የመጣ ሰው ነው። በ1989 በፔንሲልቬኒያ በአንድ የሃይማኖት ካምፕ በተነሳ እሳት ልጁ ሞተች፤ በ1990 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። የዐቃቤ ሕግ ባለሙያ በስሌት አድርጎ ከ60 ጋሎን በላይ ነዳጅ ፈስሷል ብሎ መሰከረ። 60 ጋሎን ከ220 ሊትር በላይ ነው፤ አንድ በርሜል ሙሉ ነዳጅ ማን እንዴት ተሸክሞ አስገባው ብሎ የጠየቀ ያለ አይመስልም። በዚያ ላይ ሰውዬው ልጁን አጥቶ ፊቱ ላይ ሐዘን አለመታየቱ እንደ ጥፋተኛ አስቆጠረው። በየባህሉ ሐዘን የሚገለጥበት መንገድ ይለያያል፤ የኛ ሰው ደረቱን እየደቃ ሊያለቅስ ይችላል፣ ደንግጦም ቃል ሳይተነፍስ ሊቀመጥ ይችላል፣ ሁለቱም ምንም አያረጋግጡም። ሊ በነሐሴ 2014 ከእስር ሲወጣ 24 ዓመት ገደማ አልፎበታል።

ታዲያ ደህና የሚባለው ማስረጃ ምን ይመስላል? ናሙና የሚሰበሰበው በንጹሕ፣ ውስጡ ሽፋን በሌለው የቆርቆሮ ጣሳ ነው፤ የቀለም ጣሳ ይመስላል። ለእያንዳንዱ ናሙና ጓንት ይቀየራል፣ ጣሳው አፉ ድረስ አይሞላም፣ ከላይ ለትነቱ ቦታ ይቀርለታል። ከተጠረጠረው ቦታ ምንጣፍ ከተወሰደ፣ ካልተጠረጠረው ቦታም ያው ምንጣፍ ለማነጻጸሪያ መወሰድ አለበት፤ ምክንያቱም የምንጣፍ ሙጫና ፕላስቲክ ሲቃጠሉ ነዳጅ መሰል ትነት ይሰጣሉ። ላብራቶሪው ጣሳው ውስጥ የከሰል ቁራጭ አንጠልጥሎ፣ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ባለ ምድጃ ለሰዓታት ያሞቀዋል፤ ከሰሉ የጠጣው ትነት ተለይቶ በመሣሪያ ይመረመራል። የሠለጠነ ውሻ ጠቃሚ ነው፣ ናሙና የት እንደሚወሰድ ይጠቁማል፤ ላብራቶሪ ያላረጋገጠው የውሻ ምልክት ግን ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይገባም። ላብራቶሪው «ቤንዚን አለ» ቢልም ገና አላለቀም። ጋራዥ ውስጥ የሣር ማጨጃ፣ ጀኔሬተር፣ የቀለም ማቅጠኛ ሊኖር ይችላል።

አሁን አንድ የምግብ ቤት እሳት ቀርበን እንመልከት። ማታ 5 ሰዓት ተዘጋ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከኋላው ክፍል ጭስ ወጣ። ሰው የለም፣ በሩ ተቆልፏል፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ አልተሰካም፣ ባለቤቱም የሁለት ወር ኪራይ ዕዳ አለበት። ለቸኮለ መርማሪ ሁሉም ነገር «ተለኩሷል» ይላል። ክፍሉ ውስጥ ግን የታጠበ የወጥ ቤት ፎጣ ነበር። ዘይት የነካው ፎጣ በማጠቢያ ማሽን ሙሉ በሙሉ አይጸዳም። ተልባና ኑግን የመሳሰሉ ዘይቶች ከአየር ጋር ሲዋሐዱ ሙቀት ያመነጫሉ። ፎጣው ከማድረቂያ እንደ ወጣ፣ ሳይቀዘቅዝ በቅርጫት ታጭቆ ከተከመረ፣ መሃሉ ላይ ያለው ሙቀት መውጫ አጥቶ ከሰዓታት በኋላ በራሱ ይጨሳል፤ ከዚያ ይነዳል። ለዚህ ነው ማድረቂያው መጨረሻ ላይ የማቀዝቀዣ ዙሩን ሳይጨርስ ማውጣት የማይገባው፤ ፎጣውም ተበትኖ መቀመጥ አለበት። መርማሪው ያን ቅርጫት ካልጠየቀ፣ ወይም ባለቤቱ በማግስቱ አመዱን ጠርጎ ከጣለው፣ ባለቤቱን ነፃ የሚያወጣው ማስረጃ አብሮ ይጣላል።

የማስረጃው ነገር ይህን ያህል ነው። «ያስነሳው እርሱ ነው» የሚለውን ለማስረዳት የሚመጡት ደግሞ የማንቂያ ደወሉ መዝገብ፣ የካሜራ ምስል፣ የቁልፍ ብዛት፣ የነዳጅ ማደያ ደረሰኝና የስልክ መገኛ መረጃ ናቸው። በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የስልክን ያለፈ የመገኛ መዝገብ ከስልክ ኩባንያ ለማግኘት በመርህ ደረጃ የዳኛ ትእዛዝ ያስፈልጋል ብሏል። የመነሻ ምክንያት ደግሞ ከወረቀት ነው የሚፈለገው፤ ውዝፍ ኪራይ፣ በቅርብ ከፍ የተደረገ የኢንሹራንስ መጠን፣ ከእሳቱ በፊት ከቤት የወጡ የቤተሰብ ፎቶዎች። ምክንያት መኖሩ ግን ወንጀል መፈጸሙን አያረጋግጥም፤ ዕዳ የሌለበት ምግብ ቤት ስንት አለ?

ወደ ተቃጠለው ቤት ማን መግባት ይችላል? በ1978 አንድ የሚሺጋን የቤት ዕቃ መደብር ጉዳይ ላይ እንደተወሰነው፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ለማጥፋት ያለ ትእዛዝ ይገባሉ፣ መነሻውን ለማጣራትም ለተመጣጣኝ ጊዜ ይቆያሉ። ከዚያ ወጥተው ሌላ ቀን ከተመለሱ ግን የብርበራ ትእዛዝ ወይም የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። በ1984 የመኖሪያ ቤት ጉዳይ ላይ ይኸው ጠበቅ ተደርጓል። ስለዚህ የፈቃድ ወረቀት ሲቀርብላችሁ መፈረም ግዴታ አይደለም፤ «ጠበቃ ላማክር» ማለት ወንጀል አይደለም።

እሳቱ በደረሰበት ሌሊት የሚደረገውን በተራ ልናገር። ለእሳት አጥፊዎቹ ውስጥ ሰው መኖር አለመኖሩን፣ ጋዝ የት እንዳለ፣ ጭሱን መጀመሪያ የት እንዳያችሁ ወዲያው ንገሩ፤ ይህ ነፍስ ማዳን ነው። ከዚያ በኋላ ፋየር ማርሻሉ (የእሳቱን መነሻ የሚመረምረው ባለሥልጣን) ወይም ፖሊሱ ጥያቄ ሲጀምር ሁኔታው ይቀየራል። የዝምታ መብታችሁ የሚነበብላችሁ በቁጥጥር ሥር ከሆናችሁ ብቻ ነው፤ መንገድ ዳር ቆማችሁ በወዳጅነት የምታወሩት ሁሉ፣ መብቱ ሳይነበብላችሁም፣ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። የማታውቁትን አትገምቱ። «ኤሌክትሪክ ሳይሆን አይቀርም» ብላችሁ ኤሌክትሪክ አለመሆኑ ከተረጋገጠ፣ ግምታችሁ እንደ ውሸት ይቀርብባችኋል። ለፌዴራል መርማሪ አውቆ መዋሸት ደግሞ በራሱ እስከ 5 ዓመት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ወይ እውነቱን፣ ወይ ዝምታ። ልጃችሁን ወይም ጎረቤታችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ እስኪመጣም ጠብቁ።

በማግስቱ ለኢንሹራንሱ አሳውቁ፣ ቦታውን ግን አትጥረጉ። የተቃጠለው ማቀዝቀዣ፣ ኤክስቴንሽን ገመድ፣ የከሰል ምድጃ፣ ባሉበት ይቆዩ፤ ፎቶ አንሱ። ጉዳዩ ጥርጣሬ ያለበት ከመሰላችሁ ጠበቃው የራሱን የእሳት መርማሪ ይቅጠር። መርማሪውን ሁለት ነገር ጠይቁት፤ «921ን ትከተላለህ?» እና የመርማሪዎችን የብቃት መስፈርት የሚያስቀምጠውን «1033» ያሟላ እንደሆነ። አቅም የሌለው ተከሳሽ ጠበቃ በመንግሥት ወጪ ይቆምለታል፤ ጠበቃውም ለባለሙያ የሚከፈል ገንዘብ ከፍርድ ቤቱ መጠየቅ ይችላል፣ ሳይጠይቅ ከቀረ አስታውሱት። የዐቃቤ ሕጉ ባለሙያ የሚመሰክረው ሳይንስ ስለመሆኑ ከችሎቱ በፊት መሟገትም ይቻላል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከ1993፣ ዲሲ ከ2016፣ ሜሪላንድ ከ2020 ጀምሮ ዳኛው የባለሙያውን ዘዴ አስቀድሞ እንዲመረምር የሚጠይቅ መመዘኛ ይከተላሉ። የቃጠሎ ክስ እዚህ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ጁሪው ፊት ከመድረሱ በፊት።

ከአዳራሹ ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁለቱን እዚህ አስቀርተናል።

«ግሪን ካርድ አለኝ። ዐቃቤ ሕጉ ጥፋተኛ ነኝ ካልክ አትታሰርም ካለኝ መቀበል አለብኝ?»

የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታማክር አትፈርም። በ2016 የተወሰነውን የቶሬስን ጉዳይ እንመልከት። ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ በልጅነቱ የመጣ፣ ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው ነው። በ1999 በኒውዮርክ በቃጠሎ ሙከራ ጥፋተኛ ነኝ አለ፤ ቅጣቱ የአንድ ቀን እስራትና የ5 ዓመት ክትትል ነበር። ከዓመታት በኋላ ከውጭ ሲመለስ በድንበር ተያዘ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 3 በሆነ ድምፅ፣ የግዛቱ ሕግ «በግዛቶች መካከል የሚካሄድ ንግድ» የሚለውን የፌዴራል መስፈርት ባይይዝም፣ ወንጀሉ በኢሚግሬሽን ሕግ «ከባድ ወንጀል» ነው አለ። የዚህ ውጤት ከባድ ነው፤ ከአገር ማስወጣትን ለማስቀረት የሚጠየቀውን ዋና ምሕረት ይዘጋል፣ ጥገኝነትንም ይዘጋል። የአንድ ቀን እስራት ነው። በ2010 የተወሰነ ሌላ ጉዳይ የወንጀል ጠበቃህ ይህንን አደጋ እንዲነግርህ ግዴታ ጥሎበታል፤ ካልነገረህ ጠይቀው፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዝ። አንዳንዴ የተከሰሰበትን አንቀጽ ወደ ሌላ መቀየር፣ ለምሳሌ ሐሳብ ወደማይጠይቅ የንብረት ጉዳት፣ ከጥቂት ወራት ተጨማሪ እስራት ይበልጥ ዋጋ አለው።

«ፍርድ ቤት ነፃ ካለኝ ኢንሹራንሱ ይከፍለኛል?»

የግድ አይደለም። የወንጀል ክሱ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ማስረዳትን ይጠይቃል፤ ኢንሹራንሱ በፍትሐ ብሔር ሲከራከር ግን ሚዛኑ ወደ እርሱ ትንሽ ካዘነበለ ይበቃዋል። በዚያ ላይ ውሉ ራሱ ግዴታዎች አሉበት። ኩባንያው ሲጠይቅ የጉዳት መግለጫውን በመሐላ፣ ብዙውን ጊዜ በ60 ቀን ውስጥ ማቅረብ፣ የባንክና የግብር ሰነድ መስጠት፣ በጠበቃቸው ፊት በመሐላ መጠየቅ። እነዚህን እምቢ ካልክ፣ እሳቱን ባትለኩሰውም፣ ውል አፍርሰሃል ብለው ሊከለክሉህ ይችላሉ። እዚያ የሰጠኸው ቃል ደግሞ ለመርማሪዎች ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ የወንጀል ክስ ያንዣበበበት ሰው ሁለቱን ጠበቆች፣ የወንጀሉንና የኢንሹራንሱን፣ አገናኝቶ ቀኑ እንዲራዘም በጽሑፍ ያስጠይቅ፤ ዝም ብሎ መቅረት ግን የለም። የጠፋውን ዕቃ ዋጋ ሲሞሉም አይጋነን። የ300 ዶላሩን ቴሌቪዥን 1,200 ብሎ የጻፈ ሰው፣ እሳቱ በአጋጣሚ የተነሳ ቢሆን እንኳ፣ በዚያ ቁጥር ብቻ የማጭበርበር ክስ ሊመጣበትና ሙሉ ካሳውን ሊያጣ ይችላል።